ለዊላርድ ጎዳና ቁጥር 218 የተላከው ደብዳቤ

እሑድ፣ ጁን 17 ቀን 1962

ለውድ እህቴ፣

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል እላለሁ። የባለቤትሽ ወገብ ተሻለው ወይ? ትንሿ ልጅሽ ጥርሷን አውጥታ ጨረሰች? ትልቁስ ትምህርት ቤቱን ለመደው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ አለን። እኔ ቦርሳ የምሸከምበት ትከሻዬ ወደ ታች ከማዘንበሉ በቀር ደኅና ነኝ። እማዬም ጤናዋ መልካም ነው፤ ጉልበቷ ግን ደረጃ አይወድም። አዲሱ ቤታችን አራተኛ ፎቅ ላይ ነው። ሊፍቱ በሳምንት ሁለት ቀን ይሠራል፤ የትኞቹ ሁለት ቀናት እንደሆኑ ግን የሚያውቅ የለም።

ይህን የምጽፍልሽ እማዬ ቤተ ክርስቲያን ሄዳ፣ እኔ ጉንፋን ይዞኛል ብዬ ቀርቼ ነው። ጉንፋን አልያዘኝም። አሁን ከረፋዱ አምስት ሰዓት ተኩል ነው። ስብከቱ ከረዘመ እስከ ስምንት አትመለስም፤ ካጠረ ግን ሰባት ሰዓት ላይ እዚህ ናት። ስለዚህ ጽሕፈቴ ቢጣደፍ አትፍረጂብኝ። ባለፉት ሁለት እሑዶችም ጀምሬ ነበር። የመጀመሪያውን ቀደድሁት። ሁለተኛውን እስከ ግማሽ ጽፌ፣ ስለ አየሩና ስለ ሰው ጤና ብቻ መሆኑን ሳይ ተውሁት።

በኤፕሪል ለእማዬ የጻፍሽላት ደብዳቤ ደርሷል። ያመጣሁላትም እኔ ነኝ። ፖስታ ቤት ውስጥ ጽሕፈትሽን ሳይ፣ ደስ ይላታል ብዬ ከሌላ ፖስተኛ መደርደሪያ አወጣሁት። ወጥ ቤት ጠረጴዛው አጠገብ ተቀምጣ፣ መነጽሯን አድርጋ፣ እንደ ልማዷ መስመሩን በጣቷ እየተከተለች አነበበችው። ሁለት ጊዜ። ከዚያ አጣጥፋ መጽሐፍ ቅዱሷ ውስጥ ከተተችው። ምን አለች ብዬ ስጠይቃት፣ "ሥራ በዝቶባታል፤ ኦገስት ላይ መምጣቷን እንጃ" አለችኝ። ሌላውን አልነገረችኝም።

ሌላውን እሷ ልብስ ልታጥብ ስትወርድ አውጥቼ አነበብሁት። የሰው ደብዳቤ ማየት በእኔ ሥራ ትልቁ ነውር ነው፤ አውቃለሁ። የጻፍሽላት እንዲህ ይላል፦ "ሰውን ሁሉ አትፈርሙ ብለሽ አንቺ ቀድመሽ ፈረምሽ። አባባ በገዛ እጁ የሠራውን ቤት፣ የጎረቤቶቻችንንም ቤት በአንድ ፊርማ ሰጠሻቸው። ልጆቼን ይዤ መጥቼ ምን ላሳያቸው? እንዴት አድርጌ ዓይንሽን እንደማይ አላውቅም።" ከዚያ ወዲህ ሁለት ወር አልፏል፤ አንዲት መስመር አልላክሽላትም።

ማን እንደነገረሽ አውቃለሁ። የእትዬ ቫሽቲ ልጅ እዚያው ሎስ አንጀለስ ስላለች ወሬው ከእኔ ቀድሞ ደርሶሻል። የነገረችሽ ውሸት አይደለም፤ እናቷ ያየችውን ነው ያስተላለፈችው። እኔም እዚያው ነበርሁ፤ ሁላችንም ያየነው አንድ ነገር ነው። ቢሆንም ከመጀመሪያው ልንገርሽ።

የመንገድ ቀያሾቹ የመጡት ባለፈው ሴፕቴምበር ነው። ቀይ ጨርቅ የታሰረበት ችካል በጎረቤታችን በእትዬ ቫሽቲ ጓሮ መሃል ተከሉ። እሷ ነቅላ ቲማቲሟን ደገፈችበት። በማግስቱ ሌላ ተከሉ፤ እሱንም ነቀለችው። "ተዋቸው ይትከሉ" አለችኝ ደብዳቤዋን ስሰጣት፤ "ገና ስድስት እግር ቲማቲም ድጋፍ ይፈልጋል።" እስከ ኦክቶበር ድረስ ነገሩን እንዲህ እየሳቅንበት ቆየን። ከዚያ የአዲሱ አውራ ጎዳና ካርታ ጋዜጣ ላይ ወጣ። ነጮቹ ከአዲሶቹ ሠፈሮቻቸው ተነሥተው በአሥራ ሁለት ደቂቃ መሃል ከተማ ይገባሉ ይላል። ካርታው ላይ ዊላርድ ጎዳና የለም፤ በቦታው ወፍራም ጥቁር መስመር ተሰምሯል። ከእኛ ሁለት መንገድ ዝቅ ብሎ፣ ከአሮጌው ባቡር ጣቢያ ጀርባ፣ አረም ብቻ የበቀለበት ሰፊ ሜዳ አለ፤ ታውቂዋለሽ። መስመሩ በዚያ አላለፈም።

ቤታችንን ልቀቁ የሚል የአደራ ደብዳቤ ከመንገድ ሥራው መሥሪያ ቤት ሊመጣልን መሆኑን ሰዉ አስቀድሞ ሰምቷል። ስለዚህ በጃንዋሪ መጀመሪያ እሑድ ከጸሎት በኋላ ቤተ ክርስቲያኑ ምድር ቤት ውስጥ ተሰበሰብን። እማዬ ምእመኑን ወንበር የሚያስይዙት የአስተናጋጆቹ ማኅበር ሊቀ መንበር ስለሆነች ነጭ ልብሷንና ነጭ ጓንቷን እንዳደረገች ነበር የተነሣችው። ጉባኤ ፊት ስትናገር አይተሽ አታውቂም፤ እኔም አይቼ አላውቅም ነበር። የአያታችንን ነገር አነሣች። አንድ ነጭ ሰውዬ ወረቀት ይዞ ወደ እርሻው መጣ፤ የግብር ደረሰኝ ነው አለው፤ አያታችን ማንበብ ስለማይችል የመስቀል ምልክት አደረገለት፤ በመከሩ ጊዜ መሬቱ የዚያ ሰውዬ ሆኖ ተገኘ። እሷ ያን ጊዜ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። "ጋሪው ላይ ሆኜ ዶሮዎቹን ታቅፌ ነው የወጣሁት" አለች። "ከዚያን ቀን ጀምሮ የማውቀው አንድ ነገር ነው። እነሱ እንድትፈርም ከፈለጉ፣ ያለ ፊርማህ አይችሉም ማለት ነው። እጃችሁን አትስጡ።"

ከዚያ ሁሉም ዞረው እኔን አዩኝ። ደብዳቤውን የማመጣው እኔ ነኛ። ጋሼ ሌሙኤል፣ ፀጉር አስተካካዩ፣ "ይኸ ልጅ እኮ ዛሬ ከእኛ ጋር የተጠበሰ ዓሣ በልቶ ነገ ገመዱን ይዞልን ሊመጣ ነው" አለ። ተሳቀ። እኔም ሳቅሁ። "ምን ላድርግ ጋሼ፣ የመንግሥት ደመወዝ ነው የምበላው" አልሁት። "ብላ" አለኝ፤ "እኛን ግን አታስፈርመን።"

ሰኞ ዕለት አርባ ሦስት የአደራ ደብዳቤ ተረከብሁ። አሠራሩን ታውቂዋለሽ፤ ተቀባዩ ካርዱ ላይ ካልፈረመ ደብዳቤው አይሰጠውም፤ ካርዱም ወደ ላኪው ይመለሳል። አንድም ሰው አልፈረመም። እትዬ ቫሽቲ ከወንፊት በሩ ጀርባ ሆና "ቤት የለሁም" አለችኝ። "እትዬ፣ ድምፅሽን እኮ እየሰማሁ ነው" ብላት፣ "መንፈሴ ናት፤ ከፈለግህ እሷን አስፈርማት" አለች። ጋሼ ሌሙኤል ደግሞ እጁን በሳሙና አረፋ ነክሮ አሳየኝ፤ "እጄ እርጥብ ነው፤ በሚቀጥለው ዓመት ይደርቃል።" በየካርዱ ላይ "እምቢ ብለዋል" ብዬ ጻፍሁና አርባ ሁለቱን ይዤ ተመለስሁ፤ ደብዳቤዎቹ ወደ ላኪው እስኪላኩ ጥቂት ቀን ፖስታ ቤት ይቆያሉ። የእኛን ቤት ለማግስቱ አቆየሁት። ለምን እንዳቆየሁት አላውቅም።

አለቃዬ ሚስተር ሆልኮም ካርዶቹን አንድ በአንድ አገላበጣቸው። ሌሎቹ ፖስተኞች ባሉበት ነው። "አንተ ልጅ" አለኝ፤ አርባ አንድ ዓመቴ ነው፤ "አርባ ሁለት ቤት አንድ ዓይነት መልስ አይመልስም። ያስተማራቸው አለ። የሚያስተምራቸው ደግሞ በየቀኑ ደጃፋቸው ላይ የሚቆም ሰው ነው።" እኔ አይደለሁም አልሁት። "እንግዲያው አስረዳኝ። የገዛ እናትህን ካርድ ተፈርሞ ነገ ማታ ይዘህልኝ ና። ካልመጣህ ቀጠናህን ለሌላ ሰው እሰጣለሁ፤ ለበላዮቼም ለምን እንደሰጠሁ እጽፋለሁ።" ከጦርነቱ እንደተመለስሁ ነው ይህን ሥራ የያዝሁት፤ አሥራ ሰባት ዓመት ሆነኝ። በሠፈራችን የመንግሥት ዩኒፎርም የለበሰ ሰው እኔና አንድ ሌላ ብቻ ነን። አባባ ሲሞት ምን ብሎ እንደተናዘዘኝ ታውቂያለሽ፤ እማዬ የሰው ቤት እንዳትጠርግ ብሎ ነው።

እዚህ ላይ ተነሥቼ መስኮቱን ከፈትሁ፤ ተመልሼ ዘጋሁት። ዛሬ እሑድ ስለሆነ ማሽኖቹ ቆመዋል። በሥራ ቀን ብረት መሬት ውስጥ ሲመቱ ብርጭቆው መደርደሪያው ላይ ይንቀጠቀጣል፤ እማዬ በየብርጭቆው መሃል ጨርቅ ከትታለች። ጸጥ ሲል ደግሞ ይብሳል፤ መቼ ይጀምራል እያልሽ ትጠብቂያለሽ።

ማክሰኞ እኩለ ቀን ላይ ቤታችን በረንዳ ቆሜ በሩን አንኳኳሁ። በገዛ ቤቴ አንኳኩቼ አላውቅም። እማዬ ወጣችና አየችኝ፤ ደብዳቤውንም አየችው። "የመጣኸው ልጄ ነህ ወይስ ፖስተኛው?" አለችኝ። ሁለቱም ነን አልኋት። "እንግዲያው ሁለታችሁም ገብታችሁ እጃችሁን ታጠቡ፤ ምሳ ቀርቧል" አለች። ባቄላና የበቆሎ ዳቦ ነበር። ስበላ አለቃዬ ያለኝን አልነገርኋትም። ብነግራት ምን እንደምታደርግ አውቃለሁ፤ ትፈርምልኝ ነበር። እንድትፈርም አልፈለግሁም። እንዳትፈርምም መፍቀድ አልቻልሁም። ደብዳቤውን መልሼ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትሁት።

ከምሳ በኋላ ቀጠናዬን አልጨረስሁም። ቤተ ክርስቲያኑ ጓሮ፣ ከድንጋይ ከሰሉ መጋዘን ጀርባ፣ ድንጋይ ላይ ተቀመጥሁ። ብርድ ነበር። ብዙ ከቆየሁ በኋላ የቀኝ እጄን ጓንት አወለቅሁ።

በዚያው ማታ የቤታችን፣ የቁጥር 218 ካርድ ተፈርሞ አለቃዬ ጠረጴዛ ላይ ነበር። ኦዴሳ ፕሩት ይላል፤ የእማዬ ስም።

ከዚያ በኋላ የሆነውን ሰምተሽዋል። ዓርብ ዕለት ከመንገድ ሥራው የመጣ ባለ ባርኔጣ ሰው ከቤት ቤት እየዞረ "የአስተናጋጆቹ ሊቀ መንበር እኮ ፈርማለች" ይል ጀመር። ሰዉ አላመነውም። ነጭ ነው፤ የመጣውም ለዚሁ ነው። እትዬ ቫሽቲ ግን መንገድ ላይ አስቆመችኝ። "እሱ ያለውን አልሰማም፤ አንተ በአፍህ ንገረኝ። ኦዴሳ ፈረመች?" አለችኝ። እኔም "ካርዱ ላይ ስሟ አለ" አልኋት። ቃል በቃል ይህን ነው ያልሁት። እትዬ ቫሽቲም "በል የእኔን አምጣው፤ ብዕርህንም ስጠኝ" አለች። ፈረመች። ደብዳቤውን ሳትከፍተው ምድጃ ውስጥ ከተተችው። "ፊርማዬን ወስደዋል፤ ዓይኔን ግን አልሰጣቸውም" አለች። በዚያ ሳምንት ሃያ ስድስት ሰዎች ፈረሙ። አንዳንዱ እንደ እሷ አቃጠለው፤ አንዳንዱ ከፍቶ ለቤቱ የተሰጠውን ግምት ብቻ አይቶ ወረወረው። የቀሩት እስከ መጨረሻው እምቢ አሉ። እማዬ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አልሰማችም። በፊቷ ማን ያነሣዋል? ሰው ሰላምታ ሲነፍጋት እንኳ ስለ ቤቱ ተጨንቀው ነው ትል ነበር።

ደብዳቤው አራት ገጽ ነው። ሦስተኛው ገጽ ላይ ከታች፣ መንገዱ በሌላ ቦታ ይለፍ የሚል ባለቤት ተቃውሞውን በሠላሳ ቀን ውስጥ በጽሑፍ ያቅርብ፤ ያን ጊዜ ችሎት ይሰማዋል፤ ሥራውም እስከዚያ ይቆማል ይላል። ብንፈርምም ባንፈርምም ቀኑ ይቆጠራል። እጃችንን ካልሰጠን አይችሉም ብለን ያመንነው ሁሉ ከንቱ ነበር። የሚፈልጉት ዝምታችንን ነው፤ ዝምታችንን ደግሞ በገዛ እጃችን ሰጠናቸው።

እኔ ይህን ገጽ ያነበብሁት በጃንዋሪ 9፣ ማክሰኞ፣ ከከሰሉ መጋዘን ጀርባ ነው።

ሠላሳውን ቀን አንድ በአንድ ቆጥሬዋለሁ። በየጠዋቱ ደብዳቤ ስደረድር፣ 210፣ 212፣ 214 እያልሁ፣ ዛሬ ለአንዱ እነግረዋለሁ እላለሁ። ብነግረው ከየት አወቅህ ይለኛል። ከየት አወቅሁ ልበል? የፖስታ ቤት ሰው የተዘጋ የአደራ ደብዳቤ ከፍቶ ካነበበ፣ ከዚያ የባሰ ነገር ካደረገ፣ እስር ነው፤ የሚታሰረውም በፌዴራል ወኅኒ ቤት ነው። ስለዚህ "ደህና ዋሉ" ብዬ አልፋለሁ። መሃል ከተማ ሰው ሲያወራ ሰማሁ ማለት እችል እንደነበር የታየኝ በሠላሳ አንደኛው ቀን ነው። ከዚህ ሁሉ የሚቆረቁረኝ ይህ ነው፤ ይህን ያህል ቀላል ውሸት ሠላሳ ቀን ሙሉ ጠፋኝ።

በፌብሩዋሪ 18 እሑድ ሚስተር ዲል የሚባል ወጣት ጥቁር ጠበቃ ሊረዳን መጣ። አሁንም ያው ምድር ቤት ነው። የካርዶቹንና የደብዳቤውን ቅጂ ከመንገድ ሥራው አስወጥቶ ይዟል። ቆሞ ያን የሦስተኛውን ገጽ አነበበ። ቀኑ አልፏል አለ። "ከመካከላችሁ አንድ ሰው እንኳ ይህን ወረቀት ይዞልኝ ቢመጣ ኖሮ ችሎት እናስከፍት ነበር። ያ ባዶ ሜዳ እያለ አርባ ሦስት ቤት ለምን ይፈርሳል ብለን እንጠይቅ ነበር። እናሸንፍ ነበር አልልም። እንጠይቅ ነበር።" ከዚያ መጀመሪያ የተቀበለው ማነው አለ። ሁሉም ወደ እማዬ ዞሮ አየ።

እትዬ ቫሽቲ ተነሣች። "ኦዴሳ፣ አርባ ዓመት ጎረቤቴ ነሽ፤ ባልሽን አብሬሽ ቀብሬያለሁ። አንቺ ማንበብ ትችያለሽ። ወረቀቱ እጅሽ ገብቶ ሠላሳ ቀን ሙሉ ለምን ዝም አልሽን?" አለቻት። እማዬ ግራ ገብቷት "የምን ወረቀት?" አለች። ሚስተር ዲል በትሕትና ቀርቦ የካርዱን ቅጂ ሰጣት። "ፊርማዎ ይህ ነው ወይ፣ ወይዘሮ ፕሩት?" አላት።

መነጽሯን አውጥታ በቀሚሷ ጫፍ ጠረገችው። አደረገችው። አየችው።

እማዬ ስሟን እንዴት እንደምትጽፍ ታውቂያለሽ። ትምህርቷን ሦስተኛ ክፍል ላይ ስላቆመች ፊደሉን እየነጣጠለች፣ እያንዳንዱን እንደ ሕፃን አቁማ ነው የምትጽፈው። ካርዱ ላይ ያለው የተያያዘ ጽሕፈት ነው፤ ወይዘሪት ትሬድዌል በጥቁሮቹ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ጣታችንን በማስመሪያ እየመታች ያስተማረችን። በቤታችን እንደዚያ የምንጽፍ ሁለት ነን። አንቺ ሎስ አንጀለስ ነበርሽ።

ብዙ ቆየች። ወደ እኔ አላየችም፤ ከበሩ አጠገብ ቆሜ እንደነበር ግን ታውቃለች። ዩኒፎርሜን ለብሼ እንኳ አልነበረም። ከዚያ ካርዱን መለሰችለትና "አዎ፣ የእኔ ፊርማ ነው" አለች። ደብዳቤውስ ሲላት፣ "አቃጠልሁት። ፈራሁ" አለች።

ፈራሁ ስትል ሰምተሻት ታውቂያለሽ? እኔ አልሰማሁም። ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ጋሼ ሌሙኤል፣ ቀልድ አልቆበት የማያውቀው ሰው፣ ባርኔጣውን አድርጎ ወጣ። ከእሱ በኋላ ሌሎቹ ወጡ። እማዬ ነጭ ጓንቷን አንድ በአንድ አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ያንን ጓንት እስካሁን አላደረገችውም። ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ የመጨረሻው ወንበር ላይ፣ ለብቻዋ ነው የምትቀመጠው።

ማርች ላይ ለቀቅን። አልጋዋን ተሸክመን ስንወርድ፣ እኔ ከታች እሷ ከላይ ይዛ፣ እዚያው ደረጃው ላይ "እማዬ፣ ያ ካርድ..." አልኋት። "ወገንህን ከፍ አድርገው፤ ግድግዳውን እየፋቀ ነው" አለችኝ። ቤቱ በማግስቱ ሊፈርስ ነው እኮ። ዕቃውን ጭነን ስንጨርስ በጭነት መኪናው ላይ አጠገቤ ተቀመጠችና ወደ ፊት እያየች፣ "ወደ ፌዴራል ወኅኒ ቤት የሚሄድ አውቶቡስ የለም። ጠይቄያለሁ። በእግሬ ደግሞ አልችልም" አለች። ከዚያ ወዲህ ስለዚህ ነገር ተነጋግረን አናውቅም።

እሷ ከልክላኝ ነው ዝም ያልሁት ብዬ እንዳልጽፍልሽ እጠነቀቃለሁ። ዝም ያልሁት አስቀድሜ ነው። የአርባ ሦስቱም ቤት ሰዎች የት እንደገቡ በዚህ ከተማ ከእኔ በቀር የሚያውቅ የለም፤ የአድራሻ ለውጥ ካርዳቸው የሚመጣው ለእኔ ነው። እትዬ ቫሽቲ ከወንዙ ማዶ የእህቷ ልጅ ዘንድ ናት፤ ጓሮ የሌለው ቤት ነው። ጋሼ ሌሙኤል ሱቁን ስላጣ ወጥ ቤቱ ውስጥ ፀጉር ያስተካክላል። ሁለት ጊዜ እሱ ደጃፍ ድረስ ሄጃለሁ። በሁለተኛው በሩን ከፍቶ "ፖስተኛ፣ ደግሞ ምን ልትወስድ መጣህ?" አለኝ። ፀጉሬን ልስተካከል ነው አልሁት። ተስተካከልሁ፤ ከፈልሁ፤ ወጣሁ። ከዚያ በፊት ከተስተካከልሁ ሳምንት እንኳ አልሞላኝም ነበር፤ ፀጉሬ ገና ነው። እሱም አይቶታል፤ ግን አልጠየቀኝም።

ሠፈሩ አሁን ጉድጓድ ነው። ቀጠናዬ በዳር በዳር ቀርቷል። ደብዳቤ በምደረድርበት ሣጥን ላይ የዊላርድ ጎዳና ክፍሎች ቁጥራቸው እንደተለጠፈ ባዶ ናቸው፤ እጄ አሁንም እነሱ ዘንድ ሄዶ ይቆማል።

ከዚህ ደብዳቤ ጋር አራት ገጽ ወረቀት አጥፌ ልኬልሻለሁ። እስካሁን ከክረምት ሸሚዞቼ ሥር ነበር። ጫፉ የተቀደደው በጣት ስለተከፈተ ነው። ሦስተኛውን ገጽ አንብቢው። ከዚያ ያሰኘሽን አድርጊበት። ለእትዬ ቫሽቲ ልጅ ብታሳዪያት አልቆጣም፤ ለሚስተር ዲል ብትልኪለትም አድራሻው ጀርባው ላይ አለ። እኔ ልኬው ቢሆን ይሻል ነበር። ፖስታውን ጽፌ፣ ቴምብር ለጥፌ፣ ሁለት ሳምንት ኪሴ ውስጥ ይዤው ዞርሁ። ፖስተኛ ነኝ፤ በቀን አሥራ አራት የፖስታ ሣጥን አጠገብ አልፋለሁ።

ከአንቺ የምለምነው አንድ ነገር ነው። ለእማዬ ጻፊላት። ይቅር ብዬሻለሁ ብለሽ ግን እንዳትጽፊ፤ ይቅር የሚባል ነገር የላትም። እኔ እንደነገርሁሽም አታንሺባት። ስለ ልጆቹ ጻፊላት፤ ስለ ጉልበቷ ጠይቂያት። ከእኔ ጋር ያለሽን ነገር ለየብቻ እንጨርሳለን፤ የምትይኝን ሁሉ እሰማለሁ።

ስብከቱ አጥሯል መሰለኝ። ገና ሰባት ሰዓት ሳይሆን በደረጃው ላይ እርምጃዋን እየሰማሁ ነው፤ በየፎቁ ትቆማለች።

ገብታለች። ኮፍያዋን አውልቃ ግንባሬን በእጇ ዳሰሰችና "ትኩሳት የለህም" አለችኝ። ለማን እንደምጽፍ ጠየቀችኝ፤ ለአንቺ ነው አልኋት። ወረቀቱን አየችው እንጂ አላነበበችውም። መነጽሯ ቦርሳዋ ውስጥ ነው፤ ልታወጣውም አልፈለገችም። "ትልቁ ልጅ ሶፋው ላይ ይተኛል፤ ትንሿን ከእኔ ጋር አስተኛታለሁ በላት" አለችኝ። "ኦገስት ላይ እዚህ ፎቅ በጣም ይሞቃል፤ ስስ ልብስ ይዛላቸው ትምጣ።"

ትመጣለች ወይ ብላ አልጠየቀችኝም።

እግዚአብሔር አንቺንም ቤትሽንም ይጠብቅ። ልጆችሽ በሰላም ይደጉ፤ የባለቤትሽም ወገብ ይጽና። እጅሽ ከሥራ፣ ደጃፍሽም ከሰው አይጉደል።

ወንድምሽ